ሚዲየም

ፋብሪካ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። እኔ ኮሌታ ነበርኩ። ከፊቴ የምትቀመጠው ኪስ፣ ከኋላዬ ያለችው ቁልፍ ትባላለች፤ ከወዲያኛው ረድፍ ዳር ያለችው ታናሽ እህቴ ደግሞ እጅጌ ነበረች። ሁላችንም በምንሰፋው ነገር ነው የምንጠራው። ኪስ ልታገባ የጥሪ ካርድ ያደለችን ጊዜ፣ ሙሽሪት ከሚለው ጎን የተጻፈውን ስም አይተን «ይቺ ደግሞ ማናት?» ተባባልን።

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ልብስ ሰፊ ነኝ» እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ ኮሌታ ሰፊ ነበርኩ። ኮሌታው ተቆርጦ፣ በእስር በእስር ታስሮ በግራዬ ይመጣል፤ እሰፋዋለሁ፤ ገልብጬ ጫፉን አወጣለሁ፤ በቀኜ ይሄዳል። ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የኔ ጉዳይ አልነበረም። እህቴም እንደዚያው እጅጌዋን ስትሰፋ ዓመታት አለፉ። ሁለታችንም አንድ ሙሉ ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰፍተን አናውቅም። ያኔ ይህ ነገር አንድም ቀን አሳስቦኝ አያውቅም። ደመወዝ እስከመጣ ድረስ ሰው ስለ ቀሪው ሸሚዝ ምን ብሎ ይጨነቃል?

ፋብሪካው የተዘጋው ጠዋት ላይ ነው። ማሽኖቹ አልነሣ አሉ። መብራት የጠፋ መስሎን ደስ አለን፤ ወገባችንን እያፍታታን መቀላለድ ጀመርን። ቁልፍ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። ትንሽ ቆይቶ ሁላችሁም ወደ ግቢው ውጡ ተባልን። ሥራ አስኪያጁ የጨርቅ ጥቅል ላይ ቆሞ፣ ገዢዎቹ ትዕዛዙን ወደ ሌላ ርካሽ አገር እንደወሰዱት፣ ስለዚህ ፋብሪካው «ለጊዜው» ሥራ እንደሚያቆም ነገረን። ለጊዜው የምትለዋን ቃል እየደጋገመ ነው ያላት፤ አንዳንዶቻችንም ይዘናት ወደ ቤት ገባን። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ማሽኖቹ ከጠረጴዛቸው እየተፈቱ የጭነት መኪና ላይ ሲጫኑ አየሁ። ለጊዜው የሚሄድ ሰው አልጋውን ነቅሎ አይሄድም። ጥበቃው ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በአካባቢው የቀሩትም ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተዘጉ። ድሮ ጠዋት ጠዋት መንገዱን የምንሞላው እኛ ነበርን፤ መኪናዎች እኛን ለማለፍ ጥሩንባ ሲነፉ እንሰድባቸው ነበር። አሁን መንገዱ ለመኪናዎቹ ተለቀቀላቸው። በሩ ላይ ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮም ጠፋች፤ ለማን ትሽጥ?

እህቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር እያወጣችና እያወረደች ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘን እያጠፍን ሳለ፣

«እትዬ፣ ደላላዋን አነጋገርኳት» አለችኝ።

«የቱን ደላላ?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«ሰው አገር የምትልከዋን። የቤት ሠራተኛ ይፈልጋሉ አለች።»

የያዝኩትን የአንሶላ ጫፍ ለቀቅኩት። ቁጣ ሲመጣብኝ እጄ ምንም ነገር አይዝም።

«እኔ በቁሜ እያለሁ የሰው ሽንት ቤት ልታጥቢ?»

«አንቺ በቁምሽ እያለሽ ምን እንብላ?»

 ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እናታችን የሞተችብን እሷ የወተት ጥርሷን እንኳ ነቅላ ሳትጨርስ ነው። ያጠብኳት፣ ፀጉሯን ያበጠርኩላት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እየጎተትኩ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ እጇን ይዤ ፋብሪካ ያስገባኋትም እኔው። ከሰፈራችን ወደዚያ ሄደው የተመለሱትን አይቻለሁ። አንዷ ለእናቷ ቤት ሠርታለች፤ እውነት ነው፣ አልክድም። ሌላዋ ግን ስትመለስ ዝም ብላ ነው የተመለሰችው፤ እስካሁንም ዝም እንዳለች ናት። እናቷ በማንኪያ ታጎርሳታለች። ከሁለቱ የቷን እንደምትሆንብኝ ማን ይነግረኛል?

«እትዬ፣ እሺ ካላልሽኝ አልሄድም» አለች፣ አንሶላውን ከመሬት እያነሳች። «እናቴም አባቴም አንቺ ነሽ። ግን እሺ በይኝ።»

«አልልም።»

ነገሩ ሁሉ ይቺው ነበረች። የሷ መሄድ በኔ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔም ያቺን ቃል ከአፌ ላላወጣ ለራሴ ማልኩ። መማል ግን ሆድ አይሞላም። ስለዚህ እዚያው በቆምኩበት፣ ሳላስብበት፣ «የራሳችንን ስፌት እንከፍታለን» አልኳት።

ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። «አንቺ ኮሌታ፣ እኔ እጅጌ። የተቀረው ሸሚዝ ከየት ይመጣል?»

የተቀረው ሸሚዝ አባባ መቀስ ጋ ነበር። አባባ መቀስ የፋብሪካው ጨርቅ ቆራጭ ናቸው፤ ቤታቸው ከኛ በታች ነው። ጨርቁን ድርብርብ አድርገው አንጥፈው፣ በኤሌክትሪክ ቢላዋ አንዴ ሲሄዱበት የመቶ ሸሚዝ ጀርባ ባንድ ላይ ይወድቅ ነበር። እንደኛው ሥራ ፈተው፣ ከሚስታቸው ጋር ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት። ስንሄድ ያቺ ሚስታቸው «ውሰዱልኝ፣ ለጊዜውም ቢሆን» ብላ አሳቀችን። እሳቸው ደግሞ ፋብሪካው ሲዘጋ ከተጣለው ቆሻሻ ላይ መቁረጫ ካርቶን ለቅመው መጥተው፣ የተሰበረውን የመስኮት መስታወት ሸፍነውበት ነበር። የሸሚዝ ልክ ነው፤ ጀርባው፣ ደረቱ፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ አንዱም አልጎደለም። በላዩ ላይ ሚዲየም የሚል ማኅተም አለበት። ምስማሩን እየነቀሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉን።

«አባባ፣ አንበሳውን ይተዉት፤ አንድ ሸሚዝ ይብቃን» አልኳቸው።

በስንብት ገንዘባችን አሮጌ በእግር የሚረገጥ ሲንገርና አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ገዛን። እህቴ የራሷን ሸሚዝ ስፌቱን ፈትታ፣ ኪሱ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ትከሻው ከምን ጋር እንደሚገናኝ እያየች ተማረች። እኔም ከሷ ተማርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሸሚዝ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከትከሻ ጀምሮ እንደሚገጣጠም ያወቅኩት ያኔ ነው። የመጀመሪያው አስቀያሚ ሆነ። ቀጣዩ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ የሰፋነውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ሦስታችንም ቆመን አየነው፤ አባባ መቀስ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ያን ሸሚዝ በላስቲክ ጠቅልዬ ዋናው መንገድ ላይ አዲስ ሆቴል ወደሚከፍት ሰው ሄድኩ። አስተናጋጆቹን አንድ ዓይነት ሊያለብስ እንደሚፈልግ ሰምቼ ነበር። ሰውየው ቀለም ከተረጨበት ወንበር ላይ ተነሥቶ ሸሚዙን ተቀበለኝና ገልብጦ አየው፤ ስፌቱን በጥፍሩ ሳብ ሳብ አደረገው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ አየሁት፤ ወዶታል።

«ቅዳሜ ነው የምከፍተው። አርብ ታደርሱልኛላችሁ?»

«እናደርሳለን።»

«ደህና ከሠራችሁ ወንድሜም ሆቴል አለው፤ የአልጋ ልብሱም የመጋረጃውም ሥራ የናንተ ነው። ከኔ ምን የምትፈልጉት ነገር አለ?»

«ሳይዙ ምን ይሁን?» አልኩት። ፋብሪካ ውስጥ ስለ አንድ ልብስ የሚጠየቅ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ወፍራምም ቀጭንም የሉባቸውም። መካከለኛ ናቸው።»

መካከለኛ! ካርቶናችን ሚዲየም ነው። እግዜር ራሱ በአባባ መቀስ መስኮት ላይ ሰቅሎ ያቆየልን ነው የመሰለኝ። እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

«ይሄ ከተሳካ እቀራለሁ» አለችኝ እህቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ካልተሳካ ግን አትያዢኝ፣ እትዬ።»

«እሱን ያኔ እናያለን» አልኳት። የሚሳካ ስለመሰለኝ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህንንም አልላትም ነበር።

ያ ሳምንት ከፋብሪካው ዓመታት ሁሉ ይበልጥብኛል። አልጋችንን ግድግዳው ላይ አስጠጋን፤ የጓዳውን በር ከማጠፊያው ነቅለን አልጋው ላይ አጋደምነውና አባባ መቀስ በዚያ ላይ ቆረጡ። ኤሌክትሪክ የለመደ እግሬ ሲንገሩን ሲረግጥ መጀመሪያ እንደ ሰካራም ነበር፤ በኋላ ለመደ። እኔ ኮሌታዬን ስጨርስ እህቴ እጅጌዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ተራ እንቀያየራለን። መዝፈን ጀመረች። ድምፅዋ ጥሩ አይደለም፣ ግን ፋብሪካው ከተዘጋብን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበርና ዝም ብዬ ሰማኋት። ደላላዋ በር ላይ ስትመጣ «ትንሽ ቆዪኝ» ብላ መለሰቻት። ቀጥላ ስለ ሱቅ ማውራት ጀመረች፤ በሩ ላይ «ኮሌታና እጅጌ» የሚል ማስታወቂያ እንሰቅላለን፣ እያለች። አባባ መቀስ «እኔስ?» ብለው ተቆጡ። «ለእርስዎ ከጽሑፉ ጎን መቀስ እንስልዎታለን» አለቻቸውና ታረቁ።

አርብ ቀትር ላይ ሸሚዞቹን ተኩሰን፣ እንደ ፋብሪካው አጣጥፈን፣ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለን ወሰድናቸው። ባለሆቴሉ አስተናጋጆቹን ጠራቸው። ወጣት ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ እየተገፋፉ አንድ አንድ አነሱ። ለበሱ።

መጀመሪያ ያየሁት እጆቻቸውን ነው፤ ማለቴ እጅ አልነበራቸውም። እጅጌው ከጣታቸው አልፎ ተንጠልጥሏል። የትከሻው ስፌት ክንዳቸው ላይ ወርዷል። ያ የምኮራበት ኮሌታዬ ውስጥ አንገታቸው ባልዲ ውስጥ እንደቆመ መጥረጊያ ቀርቷል። አንዱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «እጄን ያያችሁ?» አለና ሁሉም ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ ልጆች ናቸው። አንዷ አስተናጋጅ ግን አልሳቀችም፤ እኛን አየት አድርጋ ሸሚዙን ቀስ ብላ ማውለቅ ጀመረች።

ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር። ሰው ፊት የባለሙያ ያስመስለኛል ብዬ ነው አንጠልጥዬው የሄድኩት። ስንት ዓመት ሙሉ በሱ ሜትር ኮሌታ ለክቻለሁ፤ አንድም ቀን ሰው ላይ አሳርፌው አላውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ሰው አይለካም፤ ቁጥሩ ከጨርቁ ጋር ታትሞ ይመጣል። ሸሚዞቹን የሚለብሷቸው ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እንደሆኑ እናውቃለን፤ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆኑ ግን አስበነው አናውቅም። የነሱ መካከለኛ ለኛ ልጆች ጎተራ ነው። መንገድ ላይ ሸሚዝ ሲጠግን የሚውለው ሽማግሌ እንኳ ይህን ስህተት አይሠራም። ይህን ስህተት የሚሠራው እንደኛ ያለ ብቻ ነው፤ መስፋት ከሚገባው በላይ የሚችል፣ ሰው ግን አልብሶ የማያውቅ።

ባለሆቴሉ አልተቆጣም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

«እህቴ፣ ስፌቱ እንከን የለውም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «ግን ልጆቼን ሳታዩአቸው ነው የሰፋችሁላቸው።»

«እናሳጥረዋለን» አልኩ። «እጅጌውን ፈትተን…»

«ትከሻውስ? አንገቱስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነበር። ሙሉው መፈታት አለበት። «ነገ ጠዋት እንግዳ አለብኝ፤ በዓይንሽ እያየሽው።» ወዲያው አንዱን ልጅ ጠርቶ የተሰፋ ሸሚዝ እንዲገዛ ወደ ገበያ ላከው። ለኛ ደግሞ ሻይ አዘዘልን። እህቴ አመስግና ጠጣች። የኔ እዚያው ቀዘቀዘ።

ስንመለስ አባባ መቀስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ አንሶላው እንደሄደ ተመልሶ ሲመጣ አይተው ገባቸው። «ካርቶኑን አምኜ…» አሉ፣ አልጨረሱትም። እህቴ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ አስተናጋጆቹ የጨመደዷቸውን እንደገና አጣጠፈቻቸው። በፋብሪካው አስተጣጠፍ፤ እጅጌው ወደ ኋላ፣ ኮሌታው ወደ ላይ።

«አሁን አወቅን» አልኳት። «በሚቀጥለው እንለካለን። መለካት ምን ችግር አለው?»

«በሚቀጥለው ጨርቁን በምን እንገዛዋለን፣ እትዬ?»

ከዚያ በኋላ ስለ ደላላዋ ታነሣብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የምመልስላትን አዘጋጅቼ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር የጠበቅኩት። አላነሣችም። ሳምንት አለፈ፤ አላነሣችም። ሸሚዞቹን እኔ እየዞርኩ በርካሽ መሸጥ ጀመርኩ፤ ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር እንደ ዘመድ እየሮጥኩ መንገድ ላይ አስቆማለሁ። ረጅም ሰው እንደዚያ የጠፋበት ጊዜ አላየሁም። እሷ የሰው ልብስ ማጠብ ያዘች። ማታ ስንቀመጥ ካለው ላይ ወደኔ እየገፋች «ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። አለመጥገቧን ዓይኗ ይነግረኝ ነበር፤ ልጅ ሆና የምትዋሸኝ ጊዜ እንደዚሁ ወደ ጎን ነበር የምታየው። እሺ እንድላት ብትለምነኝ እችላት ነበር። አለመለመኗ ነው አንጀቴን የበላው። በቃሌ አስሬ ያስቀረኋት፣ እሷም የታሰረችበትን ገመድ አክብራ የተቀመጠች መሰለኝ። ማትረፌ ነው ብዬ ስይዛት እያለቀችብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብላ ስታጥብ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። እጆቿ በሳሙናው ተልጠዋል።

«የምትሄጂበት አገር ብርድ ነው ሙቀት?» አልኳት።

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይበርዳል አሉ።»

«እንግዲያው ነይ፣ ውስጥ ገብተሽ ቁሚልኝ።»

እሺ ያልኳት እንደዚህ ነው። ቃሉን ራሱን ግን ዛሬም ድረስ አላወጣሁትም።

መስኮቱ አጠገብ ቆመችልኝ፤ እጇን እያደረቀች። ትከሻዋን ለካሁ፣ ክንዷን ለካሁ፣ ወገቧን ለካሁ። በልጅነቷ ያጠብኩት ገላ ነው፣ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ይላል። ሁለቴ ለካሁት፣ አልተሳሳትኩም። ስንት ዓመት ሙሉ እጅጌ ወደ ቀኝ ስትስብ እዚያው ቀርቷል። አልነገርኳትም። እንባዬ መጣ፤ መርፌ የወደቀብኝ መስዬ አጎንብሼ ፈለግኩ። «አግኝተሽዋል?» አለችኝ ከላይ። «ገና ነው» አልኳት።

የራሴን ካፖርት ፈትቼ ጃኬት ሰፋሁላት። አባባ መቀስ ልቁረጥልሽ ቢሉኝ አይሆንም ብዬ ራሴ ቆረጥኩት፤ ቀኝ ትከሻውን እንደሷ ዝቅ አድርጌ። አንድም እጅጌ፣ አንድም ኪስ ሌላ ሰው አልነካውም።

ስሰጣት፣ ከመልበሷ በፊት እንደ ልማዷ ገለበጠችው። እኛ ልብስ የምናየው ከውስጡ ነው። አውራ ጣቷን በጎኑ ስፌት ላይ እያስኬደች ወረደችና መሀል ላይ ቆመች። ፋብሪካ ውስጥ ከስፌቱ አልፎ የሚቀር ጨርቅ ከጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ የተወ ይቀጣል። እኔ ግን በግራም በቀኝም ጎኑ፣ በእጅጌው ጫፍም ሰፋ አድርጌ ትቼበት ነበር። ብትወፍር፣ ሰውነቷ ቢለወጥ፣ እዚያው ፈትታ ታሰፋዋለች ብዬ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ የስንት ዓመት ነው?» አለችኝ።

«ጨርቁ የቻለውን ያህል ነው የተውኩልሽ።»

ወደ ደህናው መለሰችውና ለበሰችው። ትከሻው በቦታው ተቀመጠ፤ እጅጌው አንጓዋ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰው ለክቼ የሰፋሁት የመጀመሪያ ልብሴ ነው። ለብሳው ሄደች።